ጦሳ ላይ ዳመና ሲከመር

(በዓለም የሜትሮሎጂ ቀን፣ መጋቢት 14፣ ደሴ ላይ ለተማሪዎች የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ መምህራን፣ ወላጆች፣ ከደሴም ከኮምቦልቻም የመጣችሁ ተማሪዎች፣ እንደምን አረፈዳችሁ? አብሽሩ፣ ተቀመጡ። ከኋላ ያላችሁ ድምፄ ይደርሳችኋል? ካልደረሳችሁ እጅ አውጡ፣ ከፍ አደርገዋለሁ።

ዛሬ መጋቢት 14 ነው። የዓለም ሜትሮሎጂ ድርጅት ማቋቋሚያ ስምምነት በ1950 እ.ኤ.አ. በሥራ ላይ የዋለበት ቀን ስለሆነ በየአገሩ ይከበራል። እኛ የምንነጋገረው ግን ከዚህ አዳራሽ ወጥታችሁ ቀና ስትሉ ስለምታዩት ሰማይ ነው። ሦስት ነገር አነሳለሁ። አንደኛ፣ ዝናባችን ከየት ይመጣል? ለምንስ ብዙውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ይመጣል? ሁለተኛ፣ ብርቱ ዝናብ ሲመጣ ሰው የሚጎዳው በምንድን ነው? ያን ጊዜስ ምን እናድርግ? ሦስተኛ፣ ዝናብን በትምህርት ቤታችሁ ግቢ እንዴት ትለካላችሁ? ሁለተኛው ላይ ብዙ እቆያለሁ፤ የሰው ሕይወት ያለው እሱ ላይ ነው።

ወደ አንደኛው እንግባ። አንድ ነገር ያዙልኝ፦ ወደ ላይ የሚወጣ አየር ይቀዘቅዛል። ደግሜ ልበለው፤ ወደ ላይ የሚወጣ አየር ይቀዘቅዛል። ለምን? ከፍ ባለ ቁጥር ከላይ የሚጫነው አየር እያነሰ ይሄዳል። እዚህ ደሴ፣ 2500 ሜትር ገደማ ላይ፣ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህሉ ብቻ ነው። ጫና የቀነሰለት አየር ይለጠጣል፤ ሲለጠጥም የራሱን ሙቀት ስለሚጠቀም ይበርዳል። ደረቅ ከሆነ በየ1000 ሜትሩ 10 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። በውስጡ ያለው እርጥበት ወደ ጠብታ መለወጥ ሲጀምር ግን ቅዝቃዜው ቀስ ይላል፤ ምክንያቱም ተን ውሃ ሲሆን ሙቀት ይለቃል። ይህችን ሙቀት አትርሷት፣ ኋላ እንመለስባታለን። የመብረቁም የበረዶውም ጉልበት የሚመጣው ከእሷ ነው።

ከደሴ በሐረጎ ቁልቁል ወደ ኮምቦልቻ የወረደ ሰው ኮቱን የሚያወልቀው ለምንድን ነው? ኮምቦልቻ ከደሴ በ600 ሜትር ገደማ ዝቅ ትላለች። ቆሞ ያለው አየር በአማካይ በየ1000 ሜትሩ 6 ዲግሪ ተኩል ስለሚለያይ፣ 600 ሜትሩ 4 ዲግሪ ያህል ይሆናል። የሁለቱ ከተሞች ልዩነት ይኸው ነው።

አሁን ደግሞ ጠዋት የጦሳን ተራራ ተመልከቱት። ጦሳ ከከተማችን በስተምዕራብ ነው፤ ስለዚህ ወደ እኛ የዞረው ገጹ የጠዋት ፀሐይ ፊት ለፊት ያገኘዋል። ገደሉ ሲሞቅ የነካው አየርም ይሞቃል፣ ይቀልላል፣ ሽቅብ ይወጣል። ወደ 5 እና 6 ሰዓት ጫፉ ላይ ትንንሽ ነጫጭ ዳመና ብቅ ትላለች። አየሩ ደረቅ ከሆነ እዚያው ትቀራለች፣ ማታ ትበተናለች። እርጥበት ካለ ግን ዳመናዋ ወደ ላይ ታድጋለች፤ 8 እና 9 ሰዓት ላይ ሆዷ ይጠቁራል። ከሰዓት በኋላ የሚዘንበው ለዚህ ነው። ሌሊት ነገሩ ይገለበጣል፦ ተራራው ሙቀቱን ወደ ሰማይ ይለቃል፣ የቀዘቀዘው አየር ከበድ ስለሚል ወደ ረባዳው ይፈስሳል። በኅዳርና በታኅሣሥ ጠርቶ ባደረ ሌሊት ውርጭ ከተዳፋቱ ይልቅ ሜዳው ላይ የሚከፋው ስለዚህ ነው። ባቄላና አተር ያላቸው ገበሬዎች ይህን ያውቁታል።

እርጥበቱስ ከየት ይመጣል? እንደ ወቅቱ ነው። አሁን በልግ ላይ ነን። የበልግ እርጥበት በዋነኛነት ከሕንድ ውቅያኖስ፣ ከዓረብ ባሕርና ከኤደን ባሕረ ሰላጤ በምሥራቅና በደቡብ ምሥራቅ ነፋስ ይገባል፤ የአፋርን ቆላ ተሻግሮ የእኛን ተራራ ሲገፋ ለመውጣት ይገደዳል፤ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፤ ሲቀዘቅዝ ይዘንባል። በክረምት ደግሞ የሰሜኑና የደቡቡ ነፋስ የሚገናኙበት የዝናብ ቀበቶ ፀሐይን ተከትሎ ወደ ሰሜን ይወጣና ከአትላንቲክና ከኮንጎ ተፋሰስ በኩል ያለውን እርጥበት በደቡብ ምዕራብ ነፋስ ይስብልናል። ወሎ ሁለት የዝናብ ወቅት ያለው በዚህ ነው። የክረምቱ ዝናብ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ይበረታል፤ የበልጉ ደግሞ ከዓመት ዓመት በጣም ይለዋወጣል፤ በልግ የሚያመርት ደገኛ ሁልጊዜ ልቡ የሚሰቀለው ለዚህ ነው። በጋ ሲገባ ደረቅ ነፋስ ከሰሜን ምሥራቅ ይመጣል፣ ሰማዩ ይጠራል።

ስለ ኤልኒኖ ሰምታችኋል። የፓስፊክ ውቅያኖስ ከምድር ወገብ አካባቢ ከወትሮው ሲሞቅ በእኛ ክረምት ላይ ዝናቡ ብዙ ጊዜ ያንሳል። በ2007 ዓ.ም. ክረምት የሆነው ይኸው ነበር። ለወሎ ሰው ድርቅን ማስረዳት አያስፈልግም፤ በ1977 የሆነውን ከአያቶቻችሁ ጠይቁ።

አሁን ወደ ሁለተኛው ልሻገር። እዚህ ላይ ጆሯችሁን በደንብ ስጡኝ።

በቴሌቪዥን የምታዩት፣ ስም የሚወጣለት፣ ከተማ የሚያፈርሰው ትልቅ የባሕር አውሎ ነፋስ ደሴ ይደርሳል? አይደርስም። እሱ ጉልበቱን የሚያገኘው ከ26 ዲግሪ በላይ ከሞቀ የባሕር ውሃ ነው፤ የብስ ላይ ሲወጣ ይዳከማል። ወደ አገራችን የተጠጋ ነበር፦ በግንቦት 2010 ሳጋር የተባለው አውሎ ነፋስ ሶማሌላንድን መትቶ ቅሪቱ በምሥራቅ ኢትዮጵያ ጎርፍ አስከትሏል። በበጋ ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ ሲኬድ ሜዳ ላይ የሚሽከረከረው የአቧራ አዙሪትም ከሞቀ መሬት የሚነሳ ነፋስ ነው፤ ዓይን ይሞላል፣ ቀላል ዕቃ ያነሳል፣ ከዚያ በላይ እምብዛም አይጎዳም። እኛን የሚገድለን ስም የማይወጣለት የከሰዓት ዝናብ ነው። በአራት መንገድ ይመጣል፦ በመብረቅ፣ በበረዶ፣ በደራሽ ጎርፍ፣ በናዳ።

መብረቅ። ዳመናው ወደ ላይ ሲያድግ፣ ቅድም አትርሷት ባልኳችሁ ሙቀት ጉልበት ውስጡ ያለው ነፋስ ሽቅብ ይነፍሳል። ከላይ ቀላል የበረዶ ቅንጣት፣ መሃል ላይ ከበድ ያለ ለስላሳ በረዶ ይሆናል። ሁለቱ ሲጋጩ የኤሌክትሪክ ሙል ይለዋወጣሉ፤ ቀላሉ አዎንታዊ ሙል ይዞ ወደ ላይ ይሄዳል፣ ከባዱ አሉታዊውን ይዞ ታች ይቀራል። ልዩነቱ አየሩ ከሚችለው በላይ ሲሆን ይበጠሳል። ያ ነው መብረቁ። መንገዱ ላይ ያለው አየር ወደ 30,000 ዲግሪ ይሞቃል፤ ይህ ከፀሐይ ገጽ አምስት እጥፍ ይበልጣል። አየሩ በቅጽበት ሲለጠጥ የሚሰማው ነጎድጓድ ነው። ብርሃኑ ወዲያው ይታያል፣ ድምፁ ግን ለአንድ ኪሎ ሜትር ሦስት ሰከንድ ይፈጅበታል። ስለዚህ ብልጭታውን ስታዩ ቁጠሩ። 30 ድረስ ሳትቆጥሩ ካጉረመረመ ከ10 ኪሎ ሜትር ባነሰ ርቀት ላይ ነው፤ ማለት ቀጣዩ እናንተ ያላችሁበት ሊወድቅ ይችላል። ዝናቡ ገና ሳይደርስ፣ ፀሐይ እያለችም ይመታል። ለማስታወስ እንዲቀል፦ ነጎድጓድ ከሰማችሁ ግቡ። ነጎድጓድ ከሰማችሁ ግቡ። የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ በኋላም 30 ደቂቃ ሳይሞላ አትውጡ።

የት ነው የምንገባው? ግድግዳና ጣራ ያለው ቤት። ውስጥ ሆናችሁም ከበርና ከመስኮት ራቁ፣ ቧንቧ አትክፈቱ፣ ቻርጅ ላይ ያለ ስልክ አትንኩ። ስልኩ ራሱ መብረቅ አይጠራም፤ አደጋው ግድግዳው ላይ የተሰካው ሽቦ ነው። ቀይ ልብስ መብረቅ ይስባል የሚባለውም እውነት አይደለም፤ መብረቅ ቀለም አይመርጥም፣ የሚፈልገው ከፍታና አቋራጭ መንገድ ነው። መስኮቱ የተዘጋ፣ የብረት ጣራ ያለው መኪና ይጠብቃል፤ ብረቱ ዙሪያውን አሳልፎ ወደ መሬት ያወርደዋል። ባጃጅስ? ባጃጅ ጣራው ሸራ ነው፣ ጎኑ ክፍት ነው፤ አይጠብቅም። ሞተር ሳይክልም እንደዚያው።

ዛፍ ሥር አትጠለሉ። ይህን ሁሉም ሰው ሰምቶታል፣ ዝናብ ሲመጣ ግን ሁሉም ሰው ወደ ዛፍ ይሮጣል። ዛፉ ሲመታ ኤሌክትሪኩ ከግንዱ ወደ ጎን ወደ ሰው ይዘላል፤ ከዚያም በሥሩ ወደ መሬት ይሰራጫል። መሬት ላይ የተሰራጨው በአንደኛው እግር ገብቶ በሌላው ይወጣል። ከብት በብዛት የሚያልቀው በዚህ ነው፤ የፊትና የኋላ እግሩ ስለሚራራቅ የሚያልፍበት ኤሌክትሪክ ይበዛል፣ በልቡም በኩል ያልፋል። ከብት የምትጠብቁ ልጆች፣ ቤት የማይደረስበት ቦታ ላይ ከያዛችሁ ከሸንተረሩ ውረዱ፣ ብቻውን ከቆመ ዛፍና ከሽቦ አጥር ራቁ፣ እርስ በርሳችሁም ተራራቁ፤ አንድ ሰው ሲመታ የሚረዳው ሌላ ይቀራል። እግራችሁን ገጥማችሁ ቁጢጥ በሉ፣ መሬት ላይ አትተኙ። ይህ ግን የመጨረሻ አማራጭ ነው፤ ሜዳ ላይ ሙሉ በሙሉ የሚጠብቅ ቦታ የለም። በጊዜ መግባት ይበልጣል።

የተመታ ሰው ቢኖርስ? ሰውነቱ ላይ ኤሌክትሪክ አይቀርም፤ ወዲያው ይዛችሁ መርዳት ትችላላችሁ። ብዙውን ጊዜ የሚቆመው ልቡና ትንፋሹ ነው። ካልተነፈሰ በጀርባው አስተኙት፣ መዳፋችሁን ደረቱ መሃል ላይ አድርጋችሁ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል እየገፋችሁ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ ተጫኑ። አንዱ እየተጫነ ሌላው በ907 የቀይ መስቀል አምቡላንስ ይጥራ። እርዳታ እስኪደርስ አታቋርጡ፣ ሲደክማችሁ ተቀያየሩ።

በረዶን በአጭሩ ልበል። ጠብታው ከዜሮ በታች ቀዝቅዞም ፈሳሽ ሆኖ ሊቆይ ይችላል፤ ጠንካራ ቅንጣት ሲነካው ግን ወዲያው ይረጋል። ነፋሱ ቅንጣቱን ላይ ተሸክሞ ሲያቆየው በላዩ ላይ እየተደራረበ ያድጋል፤ ነፋሱ መሸከም ሲያቅተው ይወድቃል። ትልቅ ሲወድቅ አንዱን በቢላዋ ለሁለት ሰንጥቃችሁ እዩት፤ እንደ ሽንኩርት ንብርብር አለው፤ ነጣ ያለው በፍጥነት የረጋ፣ ጥርት ያለው ቀስ ብሎ የረጋ ነው። በእኛ ምድር የዜሮ ዲግሪ ከፍታ ከ4500 እስከ 5000 ሜትር ላይ ነው። ስለዚህ ወደ ደሴ የሚወርድ በረዶ በሞቀ አየር ውስጥ የሚያልፈው ከ2 እስከ 2 ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ብቻ ነው፤ ወደ ቆላ ሲወርድ መንገዱ ይረዝምና ብዙው ሟሙቶ ጠብታ ይሆናል። ደጋው ላይ በረዶ የሚበዛው ስለዚህ ነው። በበረዶ ዝናብ ሰዓት ጣራ ላይ የሚወጣ ሰው እንዳይኖር፤ አሸንዳ በበረዶ ሲዘጋ ውሃው ወደ ቤት ይመለሳል፣ ግን አሸንዳ የሚጠረገው ዝናቡ ሳይመጣ ነው።

ጎርፍ። እስቲ አብረን እናስላ። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ነው። 30 ሚሊ ሜትር የሆነ አንድ የከሰዓት ዶፍ በ1 ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ ስንት ይሆናል? 30 ሚሊዮን ሊትር። 10,000 ሊትር የሚይዝ የውሃ ቦቴ 3000 ጊዜ ሲመላለስ ማለት ነው። መሬቱ ጫካ ቢሆን ከፊሉ ይሰርጋል። ጣራ፣ አስፋልትና የተራቆተ ገደል ላይ ሲወርድ ግን አብዛኛው ወዲያው ቦይ ውስጥ ይገባል። ቦዩ በፌስታልና በፕላስቲክ ከተሞላ ደግሞ መንገዱ ራሱ ወንዝ ይሆናል።

ቦርከና ከደሴ ዙሪያ ተራሮች ተነስቶ ወደ ኮምቦልቻ ይወርዳል። የኮምቦልቻ ልጆች፣ ይህን ልብ በሉ፦ እናንተ ጋ ፀሐይ እየወጣ ላይኛው ሸለቆ ላይ ዶፍ ሊጥል ይችላል። ውሃው ሲደርስ ሰማያችሁ ጥርት ብሎ ሊሆን ይችላል። በሐምሌ መጨረሻ 1998 ድሬዳዋ ላይ የሆነውን ታላላቆቻችሁ ያስታውሱታል። የምሥራቅ ሐረርጌ ከፍታ ላይ የጣለው ዝናብ በሌሊት የደቻቱን ወንዝ ሞልቶ መጣ፤ ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው፤ ከ200 በላይ ሰው ሞተ። ደረቅ ነው ብሎ ወንዝ ውስጥ ማደር፣ መኪና ማጠብ፣ ገበያ መዘርጋት የሚያስከፍለው ዋጋ ይህ ነው።

ምልክቱ ምንድን ነው? ጥርት ብሎ የነበረው ውሃ ድንገት ይደፈርሳል፤ ቅጠል፣ ቅርንጫፍና አረፋ መንሳፈፍ ይጀምራል፤ ከላይ በኩል የሚያጉረመርም ድምፅ ይመጣል። ያን ጊዜ ልብስ ለመሰብሰብ፣ ጀሪካን ለማንሳት አትመለሱ። ዳገቱን ያዙ። የሚፈስ ውሃ ቁርጭምጭሚትን አለፍ ካለ፣ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ከሆነ፣ ሰው ይጥላል። 30 ሴንቲ ሜትር ትንሽ መኪና ያነሳል። 60 ሴንቲ ሜትር አብዛኛውን መኪና ይዞ ይሄዳል። ሾፌሩ «እናልፋለን» ቢላችሁ «ጋሼ፣ ይቆየን፣ ይጎድላል» በሉት። ደራሽ ውሃ ብዙ ጊዜ በሰዓታት ውስጥ ይጎድላል።

ናዳ። ደሴ በገደል መሃል ያለች ከተማ ናት፤ በአንድ በኩል ጦሳ፣ በሌላው አዝዋ ገደል። ናዳ በአንድ ቀን ዶፍ ብቻ የሚመጣው አልፎ አልፎ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ቀናት ሙሉ ሲዘንብ ቆይቶ አፈሩ ከጠገበ በኋላ ነው። ውሃው በአፈሩ ቀዳዳ ውስጥ ሲሞላ አፈሩን ያከብደዋል፣ ቅንጣቶቹንም ያላቅቃቸዋል። ቤት ለመሥራት የገደሉን እግር ከቆረጥን፣ የጣራ ውሃና ፍሳሽ ወደ ተዳፋቱ ከለቀቅን፣ የሚያፋጥነው እኛው ነን። ስለዚህ በክረምት በግቢያችሁ ዙሩ። መሬት ላይ ጨረቃ ቅርጽ ያለው አዲስ ስንጥቅ አለ? ትናንት ይዘጋ የነበረ በር ዛሬ አልዘጋ አለ? ምሰሶ ወይም ባሕር ዛፍ ዘንበል አለ? ምንጭ ያልነበረበት ቦታ ውሃ አመነጨ? ከእነዚህ አንዱን ካያችሁ ለወላጅና ለቀበሌ ንገሩ፤ ከነዚህ ሁለቱ አንድ ላይ ከታዩ ደግሞ ዝናቡ እስኪያባራ እዚያ ቤት አትደሩ። ሲናድ ከሰማችሁ ወደ ታች አትሩጡ፤ ወደ ጎን ሩጡ።

አንድ ነገር በተለይ ልጨምር። በሐምሌ 2016 በጎፋ ዞን፣ ገዜ ጎፋ ወረዳ ናዳ ወረደ። ጎረቤት ጎረቤቱን ሊያወጣ ተሰበሰበ። እየቆፈሩ ሳለ ሁለተኛው ናዳ በላያቸው ወረደ፤ ከ200 በላይ ሰው አለቀ፣ ብዙዎቹ ሊረዱ የሄዱ ነበሩ። መርዳት ባህላችን ነው፣ ይኑርልን። ነገር ግን ከመቆፈር በፊት አንድ ሰው ቀሪውን ገደል እንዲያይ ራቅ ብሎ ይቁም፤ ጠጠር መንከባለል ከጀመረ ወይም ስንጥቅ ከሰፋ ይጩህ፣ ሁሉም ይውጣ። በአንድ ጊዜ ብዙ ሰው አይግባ።

ትንበያ ስትሰሙም በደንብ ስሙት። የወቅት ትንበያ «ከመደበኛ በላይ»፣ «መደበኛ»፣ «ከመደበኛ በታች» እያለ በመቶኛ ያስቀምጣል። 45፣ 35፣ 20 ቢል «ከመደበኛ በላይ ይዘንባል» ማለት አይደለም፤ ከ100 ውስጥ 20 ዕድል ያለው ማነስም እንዳለ ይነግራችኋል። ለአባቶቻችሁ ስታስረዱ ሦስቱንም ቁጥር ንገሩ፤ ዘር የሚመርጡት በእሱ ነው።

ሦስተኛው፣ መለኪያ። ጎኑ ቀጥ ያለ የ2 ሊትር ፕላስቲክ ያዙ፤ ወገቡ የተሸበሸበ ሃይላንድ አይሆንም፣ ውፍረቱ ስለሚለያይ ልኩን ያዛባል። አንገቱ መስፋት ከጨረሰበት ላይ በመቀስ ቁረጡ፤ የተቆረጠውን ክዳኑን አውልቃችሁ ገልብጣችሁ አፉ ላይ ግጠሙት፤ ማጥለያ ይሆናል፣ ትነትንም ይቀንሳል። ታቹ ጎርባጣ ስለሆነ ጠጠር አድርጉበትና ጠጠሩ እስኪሸፈን ውሃ ሙሉ፤ የውሃው ገጽ የደረሰበት ላይ መስመር አስምሩ፣ ዜሮአችሁ እሱ ነው። ከዚያ በላይ ማስመሪያ በፕላስተር ለጥፉ። ውሃው 1 ሚሊ ሜትር ከፍ ካለ 1 ሚሊ ሜትር ዘንቧል ማለት ነው።

ቦታው ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ጣራ ሥር ወይም ዛፍ ሥር ከተቀመጠ ከሰማይ የወረደውን አይለካም። ሕንፃው 4 ሜትር ከሆነ ቢያንስ 8 ሜትር ራቁ። ነፋስ እንዳይጥለው ከምሰሶ ጋር እሰሩት፤ አፉ አግድም ቀጥ ይበል። በየቀኑ ከጠዋቱ 3 ሰዓት፣ ዓይናችሁን ከውሃው ገጽ ጋር አስተካክላችሁ አንብቡ፤ የውሃው ጠርዝ ፕላስቲኩ ላይ ስለሚወጣ የምታነቡት መሃሉን ነው። ጽፋችሁ ስትጨርሱ ወደ ዜሮው መልሱት። በረዶ ከወደቀ እስኪሟሟ ጠብቁ። ካልዘነበ «0» ጻፉ፤ ባዶ አትተዉት፤ ባዶ ማለት «አልለካሁም» ነውና ኋላ ሁለቱን መለየት አይቻልም። ቅዳሜና እሑድ የሚያነብ ልጅ በተራ መድቡ፤ የሁለት ቀን ዝናብ ሰኞ ላይ ከተደመረ የቀኑ ከፍተኛ ልክ ይጠፋል፣ ለጎርፍ የሚጠቅመው ደግሞ ያ ቁጥር ነው።

የደሴና የኮምቦልቻ ትምህርት ቤቶች የአንድ በልግ መዝገባችሁን ጎን ለጎን አስቀምጡና ተመልከቱት፤ ደሴ ላይ ዘንቦ ኮምቦልቻ ላይ «0» የሆነባቸውን ቀኖች አክብቡ፤ በነዚያ ቀኖች ቦርከና እንዴት እንደነበረም ወንዙ አጠገብ የሚኖር ልጅ ይጻፍ። አሁን ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ፤ ከኋላ እንጀምር።